የአንጀት ትል ደም ማነስን የሚያመጣው ቫይታሚን እየተሻማ ነውን?

ጠያቂ (ከቦንጋ)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። በቡና ማሳ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ለወራት በድካምና በማዞር ስትቸገር ቆይታ ጤና ጣቢያ ስትመረመር ሄሞግሎቢኗ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) ዝቅ ብሎ 8.4 ሆኖ ተገኘ፤ በሰገራዋም የመንጠቆ ትል እንቁላል ታየ። የትል መድኃኒት የሆነው አልቤንዳዞልና የአይረን (የብረት ማዕድን) እንክብል ታዘዘላት። ጎረቤቶቻችን ግን «ቫይታሚኑን የሚበላው ትሉ ነው፤ እሱ ከወጣ ደሟ በራሱ ይመለሳል» ስላሏት አይረኑን አቁማለች። ይህ ትክክል ነው?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
ወንድሜ፣ እባክህ አይረኑን እንድትቀጥል አድርጋት። መንጠቆ ትል በዋናነት የሚጎዳው ምግብ በመሻማት ሳይሆን ደም በመምጠጥ ነው፤ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ነክሶ ሲይዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ስለሚለቅ፣ ትቶት የሄደው ቁስል እንኳ መድማቱን ይቀጥላል። አንድ ትል በቀን የሚያስወጣው ደም እንደ ዓይነቱ ከ0.03 እስከ 0.2 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ትሎቹ በመቶ የሚቆጠሩ ሲሆኑና ይህ ለወራት ሲቀጥል፣ በሰውነት ውስጥ የተከማቸው አይረን ይሟጠጣል። አልቤንዳዞል ትሉን ይገድላል እንጂ ያለቀውን አይረን አይተካም።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦
የጎረቤቶቻችሁ አባባል ለሌሎች ጥገኛ ተሕዋስያን በከፊል ይሠራል። ጃርዲያ የተባለው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋሲ የአንጀትን ሽፋን ስለሚጎዳ ስብና ከስብ ጋር የሚመጠጠው ቫይታሚን ኤ በሚገባ ወደ ደም አይገባም፤ ወስፋትም በተለይ በሕፃናት ላይ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ደግሞ ሰውነት ያለውን አይረን ለደም ሥራ ማዋል ይቸግረዋል። ስለዚህ የትኛው ተሕዋሲ እንደተገኘ ሳይታወቅ ሁሉንም «ትል» ብሎ ማለፍ ሕክምናውን ያሳስታል። እህትህ ቡናና ሻይ ከምግቡም ከእንክብሉም ጋር አትጠጣ፤ ሁለቱም አይረን እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለማቆሟ ሌላም ምክንያት ነበራት፤ ሰገራዋ ጠቁሮባት ደንግጣለች።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
አይረን ሰገራን ያጠቁራል፤ የሚጠበቅ ነገር ነው። ሬንጅ የመሰለ፣ የሚጣበቅና ከወትሮው የተለየ ክፉ ሽታ ያለው ከሆነ ግን የደም መፍሰስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገይ ትታይ። ሆዷን ካመማት ከምግብ በኋላ ልትወስደው ትችላለች። ሄሞግሎቢኗ ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እስኪሞላ አብዛኛውን ጊዜ ለ3 ወር ያህል ይቀጠላል፤ መቼ እንደምታቆም የሚወስነው ሐኪሟ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነችም ለሐኪሟ አስቀድማ ትንገር፤ አልቤንዳዞል በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አይሰጥም። የመንጠቆ ትል እጭ (ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትንሹ ትል) የሚገባው በእግር ቆዳ በኩል ስለሆነ ማሳ ስትወርድ ቦቲ ጫማ ካላደረገች ትሉ ተመልሶ ይይዛታል።