ብራይተን ብቻዬን ልሄድ ነው፣ እስቲ እርዱኝ
ሰላም ወገኖች። የምኖረው ለንደን ነው፣ ቅዳሜ ብቻዬን የባህር ጠረፍ ከተማዋ ብራይተን ደርሼ ልመለስ አስቤያለሁ። ከቪክቶሪያ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ መንገዱ አያሳስበኝም። ግራ የገባኝ ሌላ ነው። መዋኘት እፈልጋለሁ፤ ግን ውሃ ውስጥ ስገባ ስልኬን፣ ቦርሳዬን፣ የቤቴን ቁልፍ ማን ይጠብቅልኛል? አሸዋ ቢሆን ቀብሬው እገባ ነበር (የምሬን ነው)፣ ዳርቻው ግን ጠጠር ብቻ ነው። ዕቃ በክፍያ የሚያስቀምጡበት ቦታ የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ከሰዓት ደግሞ በ12 ቁጥር አውቶቡስ ሰቨን ሲስተርስ ሄጄ ነጫጮቹን ገደሎች ማየት አምሮኛል። ጠርዙ በየጊዜው ይናዳል፤ ብቻዋን ለምትሄድ ሴት ትመክራላችሁ? ወይስ ከተማው ውስጥ ቀርቼ የድሮውን ቤተ መንግሥት፣ ሮያል ፓቪልዮንን ልይ? ሁለቱንም በአንድ ቀን ያዳረሰ ካለ፣ ከየትኛው እንደጀመረ ይንገረኝ። የባህር ወፎቹ ቺፕስ ከእጅ እንደሚነጥቁ ሰምቻለሁ፣ እሱን ተቀብያለሁ።