«ሜሞርስ ኦፍ ኤ ጌሻ» ላይ ያለው ነገር ምን ያህሉ እውነት ነው?

ፊልም ወዳድ፦
ሰላም ቤተሰብ። «ሜሞርስ ኦፍ ኤ ጌሻ»ን ገና አሁን አየሁት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2005 የወጣውን። ልጅቷ ከዓሣ አጥማጆች መንደር ተሸጣ የጃፓኗ ኪዮቶ ከተማ ትገባለች፣ አድጋ ደግሞ ድንግልናዋ ለጨረታ ይቀርባል። ጌሻ ማለት በጭፈራና በሙዚቃ እንግዳ የምታዝናና ሴት መሰለችኝ፣ እውነት ኑሮዋ ይሄ ነው ወይስ ሆሊውድ ቀባብቶት ነው? ተመሳሳይ ፊልም ካለም ጠቁሙኝ።

የማታ ተመልካች፦
መጀመሪያ ነገር ታሪኩ ልቦለድ ነው። አርተር ጎልደን የሚባል አሜሪካዊ በ1997 የጻፈው። ሰውዬው በጊዮን (የኪዮቶ የጌሾች ሰፈር) ስመ ጥር ጌሻ የነበረችውን ሚኔኮ ኢዋሳኪን ቁጭ ብሎ ጠይቋታል፣ ከዚያ መጽሐፉ ላይ በስሟ አመሰገናት። እሷ ደግሞ ስሜን ላትጠራ ቃል ገብተህልኝ ነበር ብላ በ2001 ከሰሰችው፣ ኋላ ላይ ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ። የድንግልና ጨረታ የሚባለውንም እኔ ላይ አልደረሰም ብላ ሽንጧን ገትራ ተከራክራለች፣ የራሷንም ታሪክ ጽፋ አሳትማለች። ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ድሃ ቤተሰብ ብር ተቀብሎ ልጁን ለጌሻ ቤት ይሰጥ ነበር፣ ልጅቷም ያንን ዕዳ ስትከፍል ትኖራለች። ይሄኛው ፈጠራ አይደለም።

ሳሚ ዘፒያሳ፦
እኔን ያናደደኝ ጭፈራው ነው። ያ በረዶ እየወረደባት፣ ፀጉሯን ለቃ፣ ሰማይ የሚነካ ጫማ አድርጋ የምትወዛወዘው! ኧረ በፈጣሪ፣ የፋሽን ትርኢት ነው እንጂ የጊዮን ጭፈራ ከየት መጥቶ። የኪዮቶ ጭፈራ እኮ ዝግ ያለ ነው፣ በማራገቢያና በእጅ አጣጣል ነው የሚያወራው። ተለማማጆቹ (ማይኮ ይባላሉ) ዊግ አያደርጉም፣ የራሳቸውን ፀጉር ነው የሚሠሩት፣ እንዳይፈርስ ብለው ከፍ ባለ ትራስ ላይ አንገታቸውን አሳርፈው ይተኛሉ። ቀይ የነበረው የኪሞኖ አንገትጌያቸው ወደ ነጭ ሲቀየር ያኔ ሙሉ ጌሻ ሆኑ ማለት ነው። ይሄን የመሰለ ነገር እያለ በረዶ ምን ያደርጋል? ለነገሩ ልብሱና ቀረጻው ኦስካር ወስደዋል፣ ዓይን ያጠግባል፣ አልክድም። ዋናዎቹን ሴቶች እነ ዣንግ ዚዪና ጎንግ ሊ፣ ቻይናውያን፣ ስለተጫወቷቸው ጃፓን ውስጥ ተንጫጩ፣ ቻይና ደግሞ ጭራሽ ሲኒማ ቤት እንዳይገባ ከለከለች። ሁለቱንም ማስቀየም ችሎታ ነው 😂

ጥቁርና ነጭ፦
ጠቁሙኝ ላልከው፣ የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የኬንጂ ሚዞጉቺን «ጊዮን ባያሺ» እይ፣ የ1953 ፊልም ነው። ኤይኮ የምትባል ወጣት አንዲት ጌሻ ጋ ልትማር ትገባለች። ለመጀመሪያ መውጫዋ የሚሆነውን የኪሞኖ ብር የሻይ ቤቷ (ጌሾች እንግዳ የሚያስተናግዱበት ቤት) እመቤት ከአንድ ደንበኛ ትበደራለች፣ አስተማሪዋም ልጅቷም ብሩ ከማን እንደመጣ አያውቁም። ሰውዬው ልጅቷን ላገኛት ብሎ ሲታገላት ነክሳው ሆስፒታል ይገባል። ከዚያ እመቤቲቱ ጮክ ብላ እንኳን አትቆጣም፤ ስልክ ብቻ ታነሳለች፣ ሁለቱም ሥራ ያጣሉ። ጨረታ የለ፣ በረዶ የለ፣ በቃ ዕዳ። የሚዞጉቺ የገዛ እህቱ በልጅነቷ ተሰጥታ ጌሻ ሆናለች፣ ሰውዬው የሚያወራውን ያውቀዋል። ደግሞ አጭር ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም።