60 ክብ ስቲከር አለኝ፤ ግድግዳው ላይ በምን ያህል ርቀት ልለጥፋቸው?

አዲስ ገቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለት ዓመት ተኩል ልጄን ክፍል እያስጌጥኩ ነው። 60 ክብ የግድግዳ ስቲከሮች አሉኝ። 40ዎቹ ስፋታቸው 8 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 20ዎቹ ደግሞ 4 ሳንቲ ሜትር ናቸው። ግድግዳው ወደ ጎን 3 ሜትር ከ60፣ ወደ ላይ 2 ሜትር ከ40 ነው፤ የታችኛውን 90 ሳንቲ ሜትር አልጋውና የመጫወቻ መደርደሪያው ይሸፍኑታል።

ትናንት ማታ በዓይኔ እየገመትኩ 11 ለጠፍኩ። ጠዋት በብርሃን ሳየው ግድግዳው ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል። ከዚያ ሜትር አምጥቼ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየለካሁ ምልክት ላደርግ ሞከርኩ፤ ሁለተኛው ረድፍ ከመጀመሪያው ጋር አልገጥም አለኝ። በእኩል ርቀት ላሰልፋቸው ወይስ ልበትናቸው? በመካከላቸውስ ምን ያህል ቦታ ልተው? ግድግዳውን ባለፈው ሳምንት አስቀብቼዋለሁ፣ ስለዚህ ንጹሕ ነው።

ባለ ሜትሩ፦

ረድፉ ያልገጠመው እርስዎ መለካት ስላልቻሉ አይደለም። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለክተው ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ 20 ሳንቲ ሜትር የተባለው ርቀት በሁለት ትልልቅ ክቦች መካከል ከእምብርት እስከ እምብርት 28 ይሆናል፣ በትልቅና በትንሽ መካከል 26፣ በሁለት ትንንሾች መካከል ደግሞ 24። ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም ረድፉ መዛነፉ አይቀርም። ሁልጊዜ ከእምብርት እስከ እምብርት ይለኩ።

ርቀቱንም በግምት አይምረጡት፤ ግድግዳው ራሱ ይነግርዎታል። ክፍት የሆነው ቦታ 360 በ150 ነው፣ ይህም 54,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለ60 ሲያካፍሉት ለእያንዳንዱ ክብ 900 ይደርሰዋል፤ የ900 ካሬ ሥር 30 ነው። ስለዚህ ርቀትዎ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ወደ ጎን 12፣ ወደ ታች 5 ረድፍ። የመጀመሪያው ክብ እምብርት ከግድግዳው ማዕዘን 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሁን፣ ማለትም የርቀቱ ግማሽ። ከጣሪያውም እንዲሁ።

ረድፎቹን እንደ ብሎኬት ግንብ እያፈራረቁ መስመሩን በግማሽ ቢያዛንፉት የበለጠ ያምራል። ያን ጊዜ ሁለተኛውና አራተኛው ረድፍ ከ30ኛው ሳንቲ ሜትር ይጀምሩና 11፣ 11 ይይዛሉ። በጠቅላላው 58 ይገባሉ፤ የተረፉት ሁለቱ ለመጠባበቂያ ይቀመጣሉ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ጣሪያውን አይመኑት። ቀጥ ያለ ጣሪያ ብዙም አላጋጠመኝም። የመጀመሪያውን ረድፍ በውሃ ልክ ያስምሩ፣ ቋሚውን በቱንቢ ያውጡ። ቱንቢ ከሌለዎት ክር ላይ ቁልፍ ያንጠልጥሉ፤ ከቱንቢ አያንስም።

ቀለም ቀቢው፦

እህቴ፣ ስለ ርቀቱ ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር ልብ በዪ። «ባለፈው ሳምንት አስቀብቼዋለሁ» ያልሽው ነው ያስደነገጠኝ። ቀለም በሰዓታት ውስጥ ሲነኩት ይደርቃል፤ ውስጡ ጠንክሮ ግድግዳውን በደንብ እስኪይዝ ግን ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። ከዚያ በፊት የተለጠፈ ስቲከር ወይ በሁለተኛው ቀን ጠርዙ ተነሥቶ ይወድቃል፣ ወይ በኋላ ስታነሺው ቀለሙን ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው የባሰ ነው።

እነዚያን 11 ዛሬውኑ አንሺያቸው፣ በቆዩ ቁጥር ይጠነክራሉ። በፀጉር ማድረቂያ በመጠነኛ ሙቀት ጥቂት ሰከንድ አሙቂና ከአንድ ጠርዝ ጀምረሽ ቀስ ብለሽ ላጪ። ወደ ራስሽ አትጎትቺው፤ ግድግዳውን እየታከከ ወደ ኋላው እየታጠፈ ይምጣ። ያነሣሻቸውን መልሰሽ በመጡበት ልስልስ ወረቀት ላይ ለጥፊ፤ አቧራ ካልያዙ እንደገና ያገለግላሉ።

«ንጹሕ ነው» ያልሽውም አያስኬድም። ጊዜው ሲደርስ በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ አብሽና እስኪደርቅ ጠብቂ፤ ሳሙና አትጨምሪ።

አዲስ ገቢ፦

ቀለም ቀቢው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 11ዱም ተነሡ። ከአንዱ ሥር የጥፍር ያህል ቀለም ተላጠ፤ ሌሎቹ በሰላም ወጡ። ባለ ሜትሩ፣ ስሌቱን ወረቀት ላይ ሠርቼዋለሁ፣ ይገጥማል። ግን 60 ክብ ተሰልፎ ሳስበው ሰልፈኛ መሰለብኝ። የተበተነ ነገር ነበር የምፈልገው፤ ሳልለካ ስበትነው ደግሞ ኩፍኝ ይሆናል።

የሦስት ልጆች እናት፦

መበተንም ሕግ አለው እኮ። ኩፍኝ ያስመሰለው መበተኑ ሳይሆን አንዳንዶቹ ተጠጋግተው አንዳንዶቹ ያለ ምክንያት መራራቃቸው ነው። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ጥቅጥቅ የሚልበትን አንድ ማዕዘን እመርጣለሁ። እዚያ ከእምብርት እስከ እምብርት 14 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጥሎ 20፣ ከዚያ 30፣ መጨረሻ ላይ 45 እያልኩ አሳሳዋለሁ። ትልልቆቹ ጥቅጥቅ ካለው በኩል ይበዛሉ፣ ትንንሾቹ ወደ ጫፍ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ዓይን ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ሁለት ክብ ከእምብርት እስከ እምብርት ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች አይቀራረቡ። ሦስት ክብም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ አይዋሉ፤ ሦስት ከተሰለፉ ዓይን መስመሩን ይከተልና የተበተነው ይረሳል። ይህን ሁሉ በስቲከሩ አትሞክሪ። ከአሮጌ ጋዜጣ በተመሳሳይ መጠን ክብ ቆርጠሽ በወረቀት ፕላስተር ለጥፊ። አራት ሳምንት ትጠብቂ የለ? ወረቀቱ እዚያው ይቆይ። ከበሩ ላይ ቆመሽ እዪው፣ ማታ በመብራት እዪው፣ በስልክ ፎቶ አንሥተሽ አሳንሰሽ እዪው። ፎቶው ላይ የሚረብሽሽ ቦታ ግድግዳውም ላይ ይረብሽሻል።

ሌላው ልጅሽ ነው። ወለሉ ላይ ቆሞ የሚደርስበትን ሳይሆን አልጋው ላይ ቆሞ እጁን ሲዘረጋ የሚደርስበትን ለኪ። 4 ሳንቲ ሜትር የሆነች ነገር ተላጠች ማለት አፍ ገባች ማለት ነው። የእኔ ሁለተኛ ልጅ አንድ ሙሉ የዛፍ ስቲከር በአንድ ከሰዓት ልጦ ጨርሶታል፤ ከታች ወደ ላይ፣ በሥርዓት።

ባለ ሜትሩ፦

እናቲቱ ያሉትን ስለ ልጁ አላሰብኩበትም ነበር፤ ልክ ናቸው። ስለ መበተኑ ግን አንድ ነገር ልጨምር። 15፣ 20፣ 30፣ 45 እያሉ በየጊዜው ሜትር መዘርጋት አድካሚ ነው። በእነዚህ ርዝመቶች አራት የካርቶን ቁራጮች ይቁረጡና በክቦቹ እምብርት መካከል እንደ መለኪያ ያስቀምጧቸው። በአንድ እጅ ካርቶን፣ በሌላው እርሳስ። የእርሳሱም ምልክት ነጥብ ብቻ ይሁን፣ ስቲከሩ ሥር ይቀራል።

ዝምተኛዋ፦

60 ስላለሽ 60 መለጠፍ ግድ አይደለም። ማንም አይቆጥርብሽም። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ አትለጥፊ፤ ክብ ከአራት ማዕዘን ጋር ሲጠጋ የተሳሳተ ይመስላል።

ቀለም ቀቢው፦

ስትለጥፊ ከመሐል ወደ ጠርዝ በጨርቅ የተጠቀለለ የፕላስቲክ ካርድ እየገፋሽ አየሩን አውጪ። የአየር አረፋ ከቀረ በመርፌ ጫፍ ወግተሽ ተጫኚው። ወረቀቱ የቆየበት ፕላስተርም በየሳምንቱ ይቀየር፤ አዲስ ቀለም ላይ ብዙ ከቆየ እሱም ይይዛል። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ወለል ላይ ዘርግተሽ ብትሞክሪው ይሻላል።

አዲስ ገቢ፦

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ልጄ አልጋው ላይ ቆሞ 1 ሜትር ከ45 ይደርሳል፤ ስለዚህ ከአልጋው በላይ ያለው ክፍል እስከ 1 ሜትር ከ60 ድረስ ባዶ ቀረ። ጥቅጥቅ ያለውን ከአልጋው ራቅ ባለው የላይኛው ማዕዘን አደረግሁትና ወደ አልጋው እያሳሳሁ መጣሁ። የጋዜጣ ክቦቹን ሦስት ጊዜ አዛወርኳቸው። ፎቶ ባላነሣ ኖሮ አራት ክብ በአንድ መስመር መሰለፋቸውን አላየውም ነበር።

የተጠቀምኩት 41 ብቻ ነው፣ 28 ትልቅና 13 ትንሽ። ቀለም የተላጠበትን ቦታ አንድ ትልቅ ክብ ሸፍኖታል፤ የተበተነ ስለሆነ ማንም አላወቀም። ሁለቱ ጠርዛቸው ትንሽ ተነሥቶ ነበር፣ በፀጉር ማድረቂያ አሙቄ ስጫናቸው ያዙ። 19ኙ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ መሳቢያው ከ1 ሜትር ከ45 በላይ ነው።