አቮካዶ ሥር ምን ልትከል?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ነው ያለሁት። ግቢዬ ውስጥ አቮካዶና ሎሚ አሉ፣ ሥራቸው ግን ባዶ መሬት ነው። ከጥቅምት በኋላ ዝናቡ ሲጠፋ አፈሩ ይሰነጣጠቃል፣ የቧንቧ ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው። ከዛፎቹ ጋር የማይሻማ ነገር ንገሩኝ። ጎመን አስቤያለሁ።

መልስ፦ ጎመኑ ይቅርብህ፣ ውሃ ይፈልጋል። የሚሰነጣጠቅ ከሆነ መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ነው፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሽምብራ ዝራበት። መሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል፣ ሥሩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎችም ናይትሮጅን ከአየር ይይዙልሃል። ሲደርስ አትንቀለው፣ እጨደውና ሥሩ እዚያው ይበስብስ። እሸቱን ለኛም አስቀር።

መልስ፦ ሽምብራ ጥላ አይወድም፣ ከቅርንጫፎቹ ውጭ አድርገው። የአቮካዶ መጋቢ ሥሮች ከላይ ከላይ ስለሆኑ በዶማ እንዳትቆፍር። ከሥሩ ጭድ አልብሰው፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ፣ አለዚያ ይበሰብሳል።

መልስ፦ አጥሩ ጋ ባህር ዛፍ አለ?

ጠያቂው፦ አለ፣ የጎረቤት ነው።

መልስ፦ ወይ ጣጣ! ሥሩ አጥር አያውቅም፣ ያለህን እርጥበት ይመጥብሃል። በዚያ በኩል የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም ሞክር፣ አንዴ ከያዙ ድርቅ ይችላሉ። ጎረቤትህን ግን ቡና ጠርተህ አነጋግረው።