የሚረጋ ዘይት ሁሉ ትራንስ ፋት አለው?

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የፓልም ዘይት እዚህ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሆኖ ይረጋል። ኮምቦልቻ ግን ያው ዘይት ፈሳሽ ነው። ለልብ ድካም የሚያጋልጠው ትራንስ ፋት ይሄ ነው?

መልስ 1፦ አብሽር፣ መርጋቱ ብቻውን ምልክት አይሆንም። ፓልም ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስብ (በተፈጥሮው ቶሎ የሚረጋ የስብ ዓይነት) ስለሆነ በብርድ ይረጋል፤ ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች። ሳቹሬትድ ስቡም ቢሆን ሲበዛ መጥፎውን ኮሌስትሮል (ኤልዲኤል) ይጨምራል። ትራንስ ፋት ግን ይብሳል፦ ኤልዲኤልን ከፍ እያደረገ ጠቃሚውን ኮሌስትሮል (ኤችዲኤል) ይቀንሳል፣ የልብ ደም ሥር ቶሎ ይጠብባል። በብዛት የሚገኘው ፈሳሽ ዘይት በፋብሪካ በሃይድሮጅን በከፊል እንዲረጋ ሲደረግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው በቀን 2.2 ግራም ነው፤ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም!

መልስ 2፦ ማርጋሪን፣ የአትክልት ቅቤና ብስኩት ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። «ፓርሻሊ ሃይድሮጅኔትድ» (በሃይድሮጅን በከፊል የረጋ) ካለ መልሱት። ፊት ለፊት «ትራንስ ፋት 0» ቢልም አትመኑ፤ አንዳንድ አገር በአንድ ጊዜ ምግብ ከ0.5 ግራም በታች ከሆነ ዜሮ ተብሎ እንዲጻፍ ይፈቀዳል። አራት አምስት ጊዜ ሲበላ ይደማመራል።

መልስ 3፦ ስለ ሳንቡሳና ቦምቦሊኖ መጥበሻም ይታሰብ። ዘይት ደጋግሞ ሲሞቅ የሚፈጠረው ትራንስ ፋት ጥቂት ነው፤ ዋናው ጉዳት የዘይቱ መበላሸት ነው። ከ180 ዲግሪ አታሳልፉት፣ ፍርፋሪውን በየጊዜው አጥልሉ። ከጠቆረ፣ አረፋው አልጠፋ ካለ ወይም ቶሎ ከጨሰ ይደፋ፤ አዲስ ዘይት መጨመር አያድነውም።

ጠያቂ፦ አላህ ይስጥልኝ። የማርጋሪኑን ጀርባ አሁኑኑ አያለሁ።