ጠረጴዛው ወደ መስኮት ተጠጋ፣ ተንጠልጣዩ መብራት መሃል ቀረ፤ እንዴት ላዛውረው?

ጠያቂ (ቱሉ ዲምቱ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ዕቃ ስናዟዙር የምግብ ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ሄደ፤ መብራቱ አሁን ከጠረጴዛው መሃል 90 ሳንቲም ርቆ መተላለፊያው ላይ ተንጠልጥሏል፣ የሰው ግንባር ይመታል። ከወለል እስከ ጣሪያ 2.60 ሜትር ነው። መብራቱ ባለ አንድ አምፖል፣ የላሜራ ክዳን ያለው ቀላል ዕቃ ነው። ጣሪያው ሳይቆፈር ይሆናል? ስንት ሜትር ሽቦ ልግዛ?

መልስ 1
ይሆናል፤ ለመንጠቆው ከምትበሳ አንዲት ቀዳዳ በቀር ጣሪያው አይነካም። የጣሪያው መውጫ ባለበት ይቆይ፤ ሽቦውን በረጅም ቀይረው አዲሱ ቦታ ላይ በመንጠቆ ያሳልፉት። መሃሉን ለማግኘት ጠረጴዛው ላይ ከማዕዘን ማዕዘን ሁለት ክር ይወጥሩ፤ ክሮቹ የሚገናኙበት ላይ የቱንቢው ጫፍ እስኪያርፍ እያስተካከሉ ጣሪያውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ በፊት ግን ወንበሮቹን ሰው እንደተቀመጠባቸው አድርገው ይሳቡ። ግድግዳ ስር የተለጠፈ ጠረጴዛ ሲበላበት ወደ ፊት መሳቡ አይቀርም፣ ያኔ መብራቱ እንደገና ይስታል።

የክዳኑ ታችኛ ጠርዝ ከጠረጴዛው በላይ ከ70 እስከ 80 ሳንቲም ይሁን። ጠረጴዛው 75 ከሆነ ጠርዙ ከወለል 1.50 ላይ ይውላል፤ ከጣሪያ 1.10 ይወርዳል ማለት ነው። ክዳኑ 30 ቢሆን ወደ ታች የሚወርደው ሽቦ 80፣ አግድም 90፣ ለርግበት 15፣ ለማሰሪያ 15፤ ድምሩ 2 ሜትር። እርስዎ 2.5 ይግዙ። የተረፈው ይቆረጣል፤ ያነሰው ግን አየር ላይ መቀጠል ያመጣል፣ እሱን አይሞክሩት።

መልስ 2
የሚያስቸግረው መንጠቆውን ጣሪያው ቀዳዳ ውስጥ የሚይዘው ፊሸር ነው። የብዙ ኮንዶሚኒየሞች ጣሪያ በፕሪካስት ቢሞች መካከል ብሎኬት የተደረደረበት ነው። ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ድሪሉ ጥቂት ሳንቲም እንደገባ ድንገት ባዶ ያገኛል፤ ተራ ፊሸር እዚያ ይሽከረከራል እንጂ አይነክስም። ውስጥ ገብቶ ክንፉን የሚዘረጋ ባለ ስፕሪንግ ብሎን ይጠቀሙ። ድሪሉ እምቢ ካለ ቢሙን አግኝተዋል፤ ፌሮ ስላለበት አይታገሉት፣ 10 ሳንቲም ሸሽተው ይብሱ። ከድሮው መውጫ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው በሚሄደው መስመር ላይም አይብሱ፣ የተቀበረው ቱቦ በዚያ ሊያልፍ ይችላል። ሲጨርሱ መንጠቆው ላይ 5 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ያሳድሩበት። ጠዋት ብሎኑ ካልተነቃነቀ መብራቱን ይስቀሉ።

መልስ 3
መብራት ሲሄድ ጠብቀው የሚሠሩ አሉ። እባካችሁ ይህን ተዉት፣ እጃችሁ ሽቦው ላይ እያለ ይመጣል። ማብሪያውን ማጥፋትም አይበቃም፤ አንዳንድ ቤት ማብሪያው የሚቆርጠው ፌዙን (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉን (የመመለሻውን) ነው፣ መብራቱ ጠፍቶም ሽቦው 220 ቮልት ይይዛል። ብሬከሩን ያውርዱ፣ ከዚያ ሁለቱንም ጫፍ በቴስተር ይንኩ። ቴስተሩን አስቀድመው የሚሠራ ሶኬት ላይ መሞከር አይርሱ።

ክዳኑ ላሜራ ስለሆነ ባለ ሦስት ገመድ፣ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይግዙ፤ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት የመሬት (ኤርዝ) ገመድ ከክዳኑ ጋር ይታሰር። ማያያዣው ሞርሴቶ (ሽቦውን በብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ ማገናኛ) ይሁን። ጠምዝዞ ናስትሮ ብቻ መጠቅለል አያዛልቅም፣ ሙቀት ሙጫውን ሲያቀልጠው ይላቀቃል። ሽቦው ቢጎተት ጉልበቱ ብሎኖቹ ላይ እንዳያርፍ መውጫው ጋ በክሊፕ ይያዝ።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰበታ ያሉት ወላጆቼ ቤት ደግሞ ኮርኒሱ ችፑድ ነው፤ እዚያስ?

መልስ 2
ችፑዱ ራሱ ምንም አይሸከምም። የምስማሮቹን ረድፍ ይከተሉና ችፑዱ የተመታበትን እንጨት፣ ሞራሌውን ያግኙ፤ በጣት ሲያንኳኩት ድምፁ ደፈን ይላል። መንጠቆው እዚያ ላይ በእንጨት ብሎን ይገባል። ሽቦውን ከኮርኒስ በላይ ካሳለፉት በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይሁን፣ አይጥ ይበላዋል።