የልጄ ክብደት በደብዳቤ ተጽፎ መጣ፤ የትምህርት ቤት ነርስ ሥራ እስከ ምን ድረስ ነው?

ጥያቄ፦ የአራተኛ ክፍል ወላጅ፣ ቱሉ ዲምቱ

ጤና ይስጥልኝ። በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር የሁለት ልጆች እናት ስሆን፣ ልጆቼ የሚማሩት በአቅራቢያችን በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት የ10 ዓመቷ ልጄ በደብተሯ መካከል የታጠፈ ወረቀት ይዛ መጣች። ወረቀቱ ላይ ስሟ፣ ክብደቷ 36 ኪሎ፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ34 ሆኖ ሰፍሯል፤ ከሥሩም በቀይ እስክሪብቶ «ውፍረት አለባት፤ ወላጅ ክትትል ያድርግ» ተብሎ ተጽፎበታል። ፖስታ አልነበረውም። ጓደኞቿ ሰርቪስ ውስጥ እየተቀባበሉ እንዳነበቡት የነገረችኝ ማታ ልትተኛ ስትል ነው። በማግስቱ ምሳ ዕቃዋ እንደ ሄደ ሳይነካ ተመለሰ።

ቤታችንም በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍሏል። እናቴ «ልጅ ፋፋ ተብሎ ይመሰገናል እንጂ ደብዳቤ ይጻፍበታል እንዴ?» ብላ ስትቆጣ፣ ባለቤቴ ደግሞ ከእራቷ እንጀራ ይቀነስ ባይ ሆኗል። እኔ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል በመሆኔ ጉዳዩን በሚቀጥለው ስብሰባ ለማንሳት አስቤያለሁ። ነገር ግን ከነርሷ ምን መጠየቅ እንደሚገባን በትክክል ሳላውቅ መናገር አልፈለግሁም። የትምህርት ቤት ነርስ ድርሻ መዝኖ ማሳወቅ ነው ወይስ ከዚያ ያለፈ? በሙያው ያላችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ የትምህርት ቤት ነርስ፣ አያት

እህቴ፣ በልጅዎ ላይ የደረሰው አሳዝኖኛል፤ የሙያው ባልደረባ በመሆኔም አሳፍሮኛል።

በቅድሚያ ቁጥሩን እንመልከት። 36 ኪሎን፣ 1.34 በራሱ ተባዝቶ ለሚሰጠው ውጤት ሲያካፍሉት 20 ገደማ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሰንጠረዥ መሠረት፣ 10 ዓመት የሞላት ሴት ልጅ ቁጥሯ ከ19 ሲያልፍ ክብደቷ ከሚጠበቀው በላይ ነው ይባላል፤ ውፍረት የሚባለው ግን ከ22.6 ሲያልፍ ነው። ለወንድ ልጅ በዚያው ዕድሜ 18.5 እና 21.4 ነው። በአዋቂዎች የምንጠቀምባቸው 25 እና 30 ለልጅ አይሠሩም። ስለዚህ በቀይ የተጻፈው ቃል አጻጻፉ ብቻ ሳይሆን ይዘቱም ስሕተት ነው። በዚያ ላይ ልጅዎ በጫማና በሹራብ ተመዝና ከሆነ ቁጥሩ ከዚህም ዝቅ ይላል።

እኔ ስመዝን ልጆቹ ጫማና ሹራብ አውልቀው አንድ በአንድ ከመጋረጃ ጀርባ ይገባሉ፤ ሚዛኑ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን በሲሚንቶው ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ቁጥሩንም ጮክ ብዬ አልናገርም። ከመስመሩ ያለፈ ልጅ ሲያጋጥመኝ ለወላጁ እደውላለሁ እንጂ ወረቀት በልጁ እጅ አልልክም። ይህን ያህሉ ሥነ ሥርዓት ነው፤ ማንኛዋም ነርስ ልትፈጽመው ትችላለች።

ዋናው ሥራ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከሰዓት በኋላ በየቀኑ «ሲስተር፣ ራሴን አመመኝ» እያለች ትመጣብኝ ነበር። አንድ ቀን ፓራሲታሞል ከማንሳቴ በፊት ውኃ ጠጥታ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ቧንቧው ሽንት ቤቱ ጋ ስለሆነ ይሸታል» አለችኝ። ኮዳ ይዛ አታውቅም፤ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ የነበረው የታሸገ ጁስ ነው፤ እሱ ሲያልቅ ደግሞ ከግቢው ሱቅ ለስላሳ ትገዛለች። መዝገቤን ወደ ኋላ እየገለጥሁ ስመለከት፣ ከሰዓት በኋላ በራስ ምታት የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ እሷ ከምትማርበት ብሎክ የሚመጡ ሆነው አገኘኋቸው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ስምንት የሻይ ማንኪያ ገደማ ስኳር ይይዛል፤ ለእነዚያ ልጆች ይህ የውኃ ምትክ ነበር። መዝገቡን ይዤ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። ለመነጋገር ሁለት ወር ፈጀብን፤ በመጨረሻ ግን ክዳንና ቧንቧ ያላቸው የውኃ ባልዲዎች በየፎቁ ኮሪደር ተቀመጡ። ሱቁ ለስላሳ መሸጡን አላቆመም፤ ባለሱቁ ከእኔ ጋር ሰላምታ ካቆመ ግን ቆይቷል።

ከነርሷ የምትጠይቁት እንዲህ ያለውን ነው። መዝገቧን የሚያነብላት ሰው አለ ወይ?

መልስ፦ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ ኮዬ ፈጬ

ሲስተር የጻፉትን አከብራለሁ፤ ሆኖም ነገሩ ሁሉ በነርሷ ትከሻ ላይ እንዳይወድቅ እሰጋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመክረው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ ምትን ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ነው። በእኛ ዘንድ አንድ ክፍል በሳምንት ሁለት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ያገኛል፤ ተሰልፎ መውጣቱና መመለሱ ሲቀነስ የሚተርፈውን እናንተው አስሉት። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ የሒሳብ መምህሩ «ማካካሻ» ብሎ ይወስድብኛል፤ እስከ ዛሬ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ለሩጫ ሲሰጥ አላየሁም። የነበረችን ሜዳ ላይም አዲስ ብሎክ ቆሞባታል።

ልጆቹ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሰርቪስ ላይ ወጥተው ማታ 11 ሰዓት ከበራቸው ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ የኮንዶሚኒየሙ ግቢ በመኪና ተሞልቶ ስለሚጠብቃቸው ወደ ቤት ገብተው ስልክ ላይ ይጣዳሉ። በዚህ ሁኔታ ነርሷ ሚዛን ብትደረድር ምን ትፈይዳለች? በስብሰባው ላይ የስፖርት ክፍለ ጊዜ እንዳይነጠቅና በእረፍት ሰዓት ኳስ እንዳይቆለፍበት ጠይቁ። ነርሷ በዚህ ልትረዳን የምትችለው፣ እኔ ስናገር «የራሱን ትምህርት ሊያስከብር ነው» የሚባለውን እሷ በጤና ባለሙያነቷ ስትናገረው ስለሚደመጥ ነው።

መልስ፦ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ አቃቂ ቃሊቲ

በመንግሥት ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። በእኛ ዙሪያ ባሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቋሚ ነርስ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተመደቡ ባለሙያዎች ቤት ለቤት ከሚሠሩት ሥራ ጋር ትምህርት ቤቶችንም ይጎበኛሉ። እነሱ ለብዙ ዓመታት የሠለጠኑት የከሳውንና የቀነጨረውን ልጅ ለይተው ለማውጣት ነው፤ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ሆነ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚቀርበው ምገባ ዓላማው በዋናነት ያው ነበር፤ ተገቢም ነው። አሁን ግን በአንድ ዴስክ ላይ አንዱ ቁርስ ሳይበላ የመጣ፣ ሌላው በብስኩትና በጁስ የጠገበ ሆነው ይቀመጣሉ። ነርሷ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን የምታይ በመሆኗ፣ «የውፍረት ዘመቻ» የሚል ስም የተሰጠው ሥራ ከሲታውን ልጅ እንዳያስረሳ መጠንቀቅ አለባት።

ስለ ደብዳቤው አንድ ነገር ልጨምር። በካሊፎርኒያ በ79 ትምህርት ቤቶች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የክብደት ውጤትን ለወላጅ በደብዳቤ መላክ የልጆቹን ክብደት አልለወጠም፤ በትምህርት ቤት መመዘኑ ራሱ ግን ልጆቹ በክብደታቸው ደስ እንዳይላቸው አድርጓል። የእርስዎ ልጅ ምሳ ዕቃዋን ሳትነካ መመለሷ ስለዚህ አያስገርምም። ባለቤትዎ የእንጀራውን ሐሳብ ቢተዉት እመክራለሁ። ልጅቱ ገና ቁመት የምትጨምር ስለሆነች፣ በእሷ ደረጃ ላለ ልጅ የሚፈለገው ኪሎ መቀነስ ሳይሆን ክብደቷ ባለበት እየቆየ ቁመቷ እንዲደርስበት ማድረግ ነው። ከላይኛው ማለትም ከውፍረት መስመር ያለፈን ልጅ ነርሷ ወደ ጤና ተቋም ትልካለች፤ የደም ግፊቱም የደም ስኳሩም እዚያ ይታያል። በትምህርት ቤት ክሊኒክ ምግብ የሚቀንስ ትእዛዝ መስጠት የእሷ ሥልጣን አይደለም።

በጾም ወራት የምሳ ዕቃ ነገር ለብቻው ቢነሳ ደስ ይለኛል። እንቁላሉና ወተቱ ሲቀር ብዙ ወላጅ የሚተካው በተጠበሰ ድንች፣ በቦንቦሊኖና በብስኩት ነው፤ ሽሮና ምስር በእንጀራ ይዞ መሄድ ልጆቹን ያሳፍራቸዋል። ሽሮ የያዘ ልጅ ክዳኑን በግማሽ ከፍቶ አጎንብሶ ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በሽሮ የሚያሳፍር ነገር ምን እንዳለ እስካሁን አልገባኝም። ነርሷ ለወላጆች የምትሰጠው ምክር ከዚህ ቢጀምር ከ«ስብ ቀንሱ» ይልቅ ይሰማል።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ትምህርት ቤቱ ሄጄ ነርሷን አነጋገርኋት። ክሊኒክ የተባለው ክፍል ግማሹ የዩኒፎርም መጋዘን ነው፤ መጋረጃ የለውም፤ ሚዛኑም በሩ አጠገብ ነው። በእድሜ ከታናሽ እህቴ የማትበልጥ ልጅ ናት። ቅጹ ከአስተዳደር ተዘጋጅቶ እንደተሰጣትና በሁለት ቀን አራት መቶ የሚጠጉ ልጆችን መዝና እንድትጨርስ እንደታዘዘች ነገረችኝ። የዕድሜ ሰንጠረዥ ይኖራት እንደሆነ ስጠይቃት ከስልኳ ከፍታ አሳየችኝ፤ ቅጹ ላይ ግን ዕድሜ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ልቆጣት ሄጄ ወንበር ስባልኝ ሻይ አጠጣችኝ።

ለቅዳሜው ስብሰባ መጋረጃ፣ ፖስታና የዕድሜ ዓምድ የሚሉትን ጽፌያለሁ፤ መምህሩ ያነሱትንም ጨምሬአለሁ። መዝገቧንም ይዛ እንድትገኝ ለምኛታለሁ። ባለቤቴ ስለ እንጀራው ዳግም አላነሳም። ልጄ ዛሬ ምሳዋን ግማሽ በልታለች፤ ሲስተር፣ እነዚያ የኮሪደር ባልዲዎች ስንት ሊትር እንደሚይዙና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሞሉ ቢነግሩኝ፣ አስተዳደሩ «ወጪው ስንት ነው?» ሲለኝ መልስ ይኖረኛል።